የእትዬ አስካለ ዳክዬ

ኮልፌ ውስጥ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የቆየ የቻይና ምግብ ቤት ነበር። ቻይናዊ የሚባል ሰው ደጁን ረግጦት አያውቅም። ጠረጴዛው ከጥይት ሣጥን የተሠራ፣ ጣሪያው ወንፊት የመሰለ ቆርቆሮ፣ ምግብ አብሳዩ ደግሞ «ቻይና ወዴት ናት?» ቢሉት በልበ ሙሉነት ወደ ሆለታ የሚጠቁም ደንቆሮ ነበር። ደንቆሮው እኔ ነኝ። ዛሬ ዘጠና ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከጥርሶቼ ሦስቱ ብቻ በታማኝነት አብረውኝ ቀርተው፣ የዚያን ቤት ነገር ልጽፍላችሁ ተቀምጫለሁ። የምታውቁኝ ሰዎች «ሽብሩ ደግሞ ዛሬ በምን ሊያስቀን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሳቁ የት ላይ እንደሚያቆም አብረን እናያለን።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጉራጌ አገር ያመጣኝ፣ አባታችን ከሞተ በኋላም እንደ አባት ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ገብሬ ነው። እሱ ባሕር ዛፍ እየፈለጠ ይሸጣል። እኔ መጥረቢያ ስጨብጥ እጄ ስለሚላጥ፣ ወይም እሱ እንደሚለው «ሥራ ሲያይ ትኩሳት ስለሚይዘው»፣ ዛሬ 18 ማዞሪያ ከምትሉት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ በመንገዱ ዳር ቆርቆሮ ቤት ቀልሼ ለካሚዮን ነጂዎችና ለወታደሮች ማካሮኒ እቀቅል ነበር። ጣሊያንኛዬ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ነው፤ ጨው፣ ውሃ፣ ትኩስ፣ ብላ፣ አልበላም፣ አላውቅም። አንድ ቃል ግን ከሁሉ አጥርቼ አውቅ ነበር። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ወታደሮቹ ሥጋ በሹካ ወግተው አፌ ድረስ እያመጡ ይቀልዱብኛል፤ እኔም «ዲጁኖ! ዲጁኖ!» እያልኩ እሸሻለሁ። ጾም ማለት ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ከመንገዱ ማዶ የእትዬ አስካለ ቤት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጠጇም ወጧም በሰፈሩ የተመሰከረላት ሴት። ሽንኩርት እንዳያር አድርጌ ማቁላላት ያስተማረችኝ እሷ ናት። «አንተ ምላሳም፣ በወሬ ብቻ ወጥ አይበስልም» እያለች በማማሰያ ጀርባዬን ነካ ታደርገኛለች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ተስፋዬ የሚባል፤ የእኔ እኩያ፣ የጋሼ ገብሬ የእንጨት ሸክም ጓደኛ።

በዚያ ሁዳዴ አጋማሽ፣ ከከተማው ውጭ በምዕራቡ መንገድ ላይ አንድ የጣሊያን ካሚዮን ተቃጠለ። አቃጣዮቹን ማን ያግኛቸው! በማግስቱ ወታደሮች መጥረቢያ የያዘ ወንድ ሁሉ ለቀሙ። ኮልፌ ላይ መጥረቢያ የሌለው ከእኔ በቀር ማን አለ? ስንፍናዬ አዳነኝ። ጋሼ ገብሬና ተስፋዬ ከሌሎች እንጨት ፈላጮች ጋር በጦር ሰፈሩ የበቅሎ ጋጣ ውስጥ ታጎሩ። ቅዳሜ ጧት በካሚዮን ተጭነው ወደ ሶማሌ በረሃ እንደሚሄዱ ተወራ። ወደዚያ ከሄደ፣ ሲመለስ ያየነው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት የጦር ሰፈሩ አዛዥ ካፒታኑ ራሱ ከቤቴ ደጅ ከመኪና ወረደ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የተላጨ፣ በአንገቱ የማርያም ምስል ያለበት ትንሽ ሜዳልያ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። እትዬ አስካለን ከማዶ አስጠራት። ቁጭ አለና በእኔ አስተርጓሚነት ይነግረን ጀመር።

«እሁድ ትልቅ እንግዳ ይመጣብኛል» አለ። «እኔና እሱ ቻይና አገር አራት ዓመት አብረን አገልግለናል። ጣሊያን እዚያ የራሱ ሰፈር አለው። እሁድ እሁድ ዳክዬ በፔኪንግ አጠባበስ የሚጠብስ ቤት እየሄድን እንበላ ነበር፤ የባሕር ምግብም። እሁድ ያንን ዳክዬና ያንን የባሕር ምግብ እዚህ ላበላው እፈልጋለሁ።»

ተረጎምኩላት። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አገጭዋ ሥር ሰብስባ፣ «ታዲያ ቻይና ሄዶ አይበላም?» አለችኝ።

«እሱን አልተረጉምም» አልኳት።

ካፒታኑ ቀጠለ። «በዚህ መንገድ ላይ ምግብ የሚያበስል ቤት ሁለት ነው። ዓርብ ሁለታችሁም ሠርታችሁ ጠብቁኝ። እቀምስና እመርጣለሁ። የተመረጠው የእኔ የቻይና ምግብ ቤት ይሆናል።» ወደ ጦር ሰፈሩ በአገጩ አመለከተ። «ሁለታችሁም እዚያ ሰው እንዳላችሁ ነግረውኛል። የተመረጠው አንድ ሰው ያወጣል። አንድ።»

አንድ ጣቱን አነሣ። ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። እትዬ አስካለ ጣቱን አይታ ገብቷታል።

ከዚያ በወረቀት ላይ እየሣለ አሠራሩን አስረዳን። ከቆዳዋና ከሥጋዋ መካከል አየር ይነፋል፤ ትንጠለጠልና ቆዳዋ እስኪደርቅ ቀንና ሌሊት ነፋስ ይመታታል፤ ማር ትቀባለች፤ ከዚያ እሳት ሳይነካት ተንጠልጥላ በትኩሳቱ ብቻ ትበስላለች። አንዲት ቃል ሳላጓድል ለእትዬ አስካለ ተረጎምኩላት። በዚያን ቀን ታማኝ አስተርጓሚ ነበርኩ። ይህንንም ያዙልኝ፤ ስለ ራሴ የምነግራችሁ በጎ ነገር ብዙ አይደለም።

ካፒታኑ ሲሄድ ሁለታችን በመንገዱ መካከል ቆመን ቀረን።

«ሽብሩ።»

«አቤት እትዬ።»

«አንተም ለገብሬ ነው፤ እኔም ለተስፋዬ ነው። ፈጣሪ የወደደውን ያድርግ። በመካከላችን ግን ቂም አይግባ።»

«አይገባም እትዬ።»

ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «ዳክዬዋን ግን ማን ያርድልኛል? የቤቴ ወንድ ጋጣ ውስጥ ነው።»

እንደምታውቁት በእኛ ሥርዓት ሴት አታርድም። ስለዚህ ሐሙስ ጧት ካፒታኑ የላካቸው ሁለት ዳክዬዎች ሲመጡ የእሷንም የእኔንም ያረድኩ እኔ ነኝ። ዳክዬ ሲታረድ አይቼ አላውቅም፤ የሚበላም ሰው አላውቅም። እግሯ እንደ ጃንጥላ በቆዳ የተሰፋ ፍጥረት ለክርስቲያን አልተፈቀደም ተብለን ነው ያደግነው። ቢላዬን ይዤ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቃለህ? በስመ አብ በልና እረድ እንጂ» አለችኝ።

«እትዬ፣ የማይበላ ነገር ባርኬ ከሥላሴ ጋር ልጣላ?»

«ታዲያ ሳትባርክ ልታርዳት ነው? ምን ልትላት ነው?»

አሰብኩ። «ይቅር በይኝ እላታለሁ።»

ከታሰሩብን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ አስካለ ሳቀች። ሁለቱንም ዳክዬዎች ይቅርታ ጠይቄ አረድኳቸው። እሷም ስለ ውለታዬ ለጠጅ ካስቀመጠችው ማር በማሰሮ ቀንሳ ሰጠችኝ። ተወዳዳሪዬ መሆኔን እያወቀች ነው እንግዲህ።

መንፋቱ ላይ ተለያየን። እኔ ጉረኛው መቃ ቆርጬ በዳክዬዋ አንገት ሻጥ አድርጌ በአፌ ነፋሁ። ዓይኔ እስኪፈጥ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ ነፋሁ። ምላሴ ብቻ ሳይሆን ሳንባዬም ጉረኛ ኖሯል፤ ዳክዬዋ ብብቷ ሥር ቷ ብላ ተተረተረች። እትዬ አስካለ ግን ከአንጥረኛው ወናፍ ተውሳ ቀስ እያለች፣ እያረፈች ነፋቻት። ጡት ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ድፍን ብላ አበጠች። ከዚያ አፉ የተሰበረ የጠላ ጋን ገልብጣ፣ ቂጡን በስታ፣ ከታች ፍም የሚገባበት አበጀችና ዳክዬዋን በሽቦ ውስጡ የምታንጠለጥልበት ምድጃ ሠራች። እኔ በርሜል ነበረኝ።

ዓርብ ጧት ወታደር በበረዶ የታጨቀ ሣጥን ይዞ መጣ። በባቡር ከጅቡቲ የወጣ ነው አለ። ስከፍተው ጢም ያላቸው፣ ቅርፊት የለበሱ፣ ዓይናቸው እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚያፈጥ ትሎች የመሰሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ከሥር ደግሞ ብዙ እግር ያለው፣ መቆንጠጫ የያዘ ጠፍጣፋ ጉድ አለ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። እትዬ አስካለ ድርሻዋን ልትወስድ መጥታ አየችና አማተበች።

«ሽብሩ፣ ይኼ በስንተኛው ቀን ነው የተፈጠረው?»

«የፈጠረው እንኳ ያስታውሰዋል ብለሽ ነው፣ እትዬ?»

«አፍህን!» አለችኝ፤ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ ነበር።

እሷ በሁዳዴ እንዴት እንደምታበስል ላላያችሁ ልንገራችሁ። ባለሙያ ሴት በጾም አትቀምስም። ክዳኑን ከፈት ታደርግና እንፋሎቱን በአፍንጫዋ ተቀብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጨው አንሶታል» ትላለች። ጨው አንሶታል ካለች ደግሞ አንሶታል። ያንን የባሕር ጉድም፣ ያችንም ዳክዬ፣ ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ በአፍንጫዋ ብቻ አበሰለቻቸው። ከሰባት ሰዓት በፊት ነፋሱ ሽታውን ከማዶ ሲያመጣልኝ ሆዴ ባባ። ጾመኛ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ገብሬን አሰብኩት። እሷ እንዳሸነፈች ገባኝ፤ የእኔዋ በርሜል ውስጥ ባንድ ጎኗ ከስላለች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ካፒታኑ ከሁለት ወታደሮች ጋር መጣ። ጠረጴዛዬን ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ አውጥተን የሁለታችንንም ምግብ ጎን ለጎን አቀረብን። የጦር ሰፈሩ ቡራቡሬ ውሻም ሽታውን ተከትሎ መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ተኛ።

ካፒታኑ ሹካውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «በእናንተ አገር አብሳይ አስቀድሞ ይቀምሳል አይደል? ጥሩ ልማድ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ማንጃ» አለኝ። ብላ።

ዓርብ ነው። ሁዳዴ ነው። ዳክዬ ናት። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳ ሰውን ያስኮንናል ተብያለሁ። የጋሼ ገብሬን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁና በላሁ። ከዳክዬዋም ከጢማሙም ነገር ጎረስኩ። ጣዕሙን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ሳላላምጥ ነው የዋጥኩት። ካፒታኑ ከኋላዬ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «ካርቦኔ» አለ። ከሰል። ወታደሮቹ ሳቁ።

ወደ እትዬ አስካለ ሳህን ዞረ። ገና ሳይነካው ፊቱ ተለወጠ። የዳክዬዋ ቆዳ እንደ ነሐስ ያበራል። በቢላው ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ካፒታኑ ዓይኑን ጨፈነ። «ፔኪኖ» አለ በለሆሳስ። ፔኪንግ። እምላችኋለሁ፣ ያ ሰው ሊያለቅስ ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ ሹካውን ለእሷ ዘረጋላት።

«ማንጃ።»

እትዬ አስካለ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ወደ እኔ ዞረች። «ሽብሩ፣ ንገርልኝ። ጾም ነኝ በልልኝ። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ይህችንም ፍጥረት እናቴም አልበላች፣ እኔም አልበላ። አበስላለሁ እንጂ አልቀምስም፤ ለልጄ ስል ነው በልልኝ። ይረዳዋል፤ እሱም አንገቱ ላይ እመቤቴን ይዟል።»

ካፒታኑ ወደ እኔ ተመለከተ። «ምን አለች?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልረፍ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ዲጁኖ። በየዓመቱ ስጮኸው የኖርኩት ቃል። ካፒታኑ ካቶሊክ ነው፤ ወታደር ሆኖ ባይጾም እንኳ ጾምን ያውቃል፤ ዓርብንም ያውቃል። ቃሉን ብናገር ራሱን ነቅንቆ ይቀምስ ነበር፤ ቀምሶም የእሷን ቤት ይመርጥ ነበር፤ ተስፋዬ ይወጣ ነበር፤ ጋሼ ገብሬ ካሚዮን ላይ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ምራቅ እስክውጥ ባለው ጊዜ ነው። ሰው «አላሰብኩበትም» ብሎ ይከራከራል፤ እኔ አስቤበታለሁ።

«አልበላም አለች» አልኩት።

ውሸት አይደለም። ከተናገረችው ውስጥ ነው።

«ፐርኬ?» አለ። ለምን?

«ኖን ሎ ሶ» አልኩ። አላውቅም።

ካፒታኑ ቀስ ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። ከቀናት በፊት አንድ መኮንን ከአንድ ቤት በልቶ፣ ተመርዞ ሞቷል የሚል ወሬ በጦር ሰፈሩ እንደሚናፈስ እኔም ሰምቻለሁ። ዳክዬዋን አየ፤ እሷን አየ፤ ከወንበሩ ተነሣ። እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ ስላየሁ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ምላሴ ይፈታል። ያችን የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ሁሉ ዘረገፍኩት። እጄን ወደ ሰማይ እያነሣሁ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ በእግዚአብሔርም በማርያምም እየማልኩ ለፈለፍኩ። የለፈለፍኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የእኔ ቤት ንጹሕ ነው! እኔ በልቻለሁ! እኔን አይተሃል! የእኔ ቤት ንጹሕ ነው!»

ወታደሮቹ እትዬ አስካለን ግራና ቀኝ ያዟት። አልጮኸችም። ስትሄድ ዘወር ብላ አየችኝና በአንገቷ ዝቅ አለችልኝ፤ ሰው ውለታ ለዋለለት እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ካፒታኑ የእሷን ሳህን በእግሩ ገለበጠው። ቡራቡሬው ውሻ ዳክዬዋን አነቀና ባሕር ዛፉ ውስጥ ይዟት ገባ። እኔ ቆሜ ውሻው እንዲሞት እመኝ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንዲሞት ጸለይኩ። አልሞተም።

ቅዳሜ ጧት ጋሼ ገብሬ ተለቀቀ። ጢሙ አድጎ፣ የበቅሎ ፍግ እየሸተተ፣ እያነከሰ በሬ ላይ ሲቆም ወድቄ እግሩን ሳምኩት። ካሚዮኑ ከኋላው እያጓራ ሲያልፍ አየነው፤ ሸራው ተሸፍኗል። ውሻው ጭራውን እየቆላ እስከ ኩርባው ድረስ ተከተለው፤ በሸራው ሥር የሚያውቀው ሽታ ሳይኖር አልቀረም።

ጋሼ ገብሬ ቁጭ ሲል መጀመሪያ የተናገረው ስለ ራሱ አልነበረም።

«አስካለን አይቻታለሁ» አለ። «ትናንት ከሰዓት ወደ ጋጣው ሲያስገቧት ተስፋዬ አቅፎ ያዛት። አብረው ነው የተጫኑት። እኔን ሲጠሩኝ ለአንተ መልእክት ሰጠችኝ።»

ውኃ ልቀዳለት የያዝኩት ጣሳ እጄ ላይ ቀረ።

«'ሽብሩ ተሟገተልኝ' አለች። 'ጣሊያኑ መሣሪያ ሊመዝ ሲል እጁን ወደ ሰማይ እያነሣ፣ በማርያም እየማለ ለመነልኝ። እናቴ የወለደችው ወንድም እንኳ እንዲያ አይሟገትም። እግዜር ይስጠው በለው' አለች። ደግሞ...» ጋሼ ገብሬ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «'የእሁዷን ዳክዬ ቆዳዋን በደንብ ያድርቃት፤ ሌሊቱን ነፋስ ያግኛት። ማሩ አልጋዬ ሥር ነው፤ ወናፉን ለአንጥረኛው ይመልስልኝ' አለች።»

ምን ልበለው? አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ አላውቅም። ጋሼ ገብሬ አንገቴን ሳበና ግንባሬን ሳመኝ። «ፈሪ ትመስለኝ ነበር» አለኝ። «ይቅር በለኝ።»

ቅዳሜውኑ ካፒታኑ አዲስ ዳክዬ ላከ፤ እኔም ለእሁድ በእሷ ጋን፣ በእሷ ማር፣ በእሷ ወናፍ ሠራሁ። እንግዳው መጣ፤ ቤቴ የቻይና ምግብ ቤት ሆነ። በሉ፣ ጠጡ፣ ዘፈኑ። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር መጥቶ የካፒታኑን ጫማ አሸተተ። ካፒታኑ አጎንብሶ ጆሮውን ሊዳብስ ሲል እጁ ቆመ። ውሻውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። እኔም አየሁት። ዓርብ ዕለት ሙሉ ዳክዬ የበላ ውሻ ነው፤ ጭራውን ይቆላል። ሁለታችንም የምናውቀውን አወቅን። ካፒታኑ ብርጭቆውን አነሣና ወደ እንግዳው ዞረ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። የቻይና ምግብ ቤቴ በዚህ አበቃ። ውሻው ግን ከዚያ በኋላ ሳያጓድል በየቀኑ ደጄ ይመጣ ነበር፤ እሱን ሽሽት ሰፈር እስክለቅ ድረስ። ሽሽቱ ሩቅ አይደለም፤ ዘነበወርቅ ድረስ ነው። እዚያም ደርሶብኛል።

እትዬ አስካለና ተስፋዬ አልተመለሱም። ጣሊያን ወጥቶ ሌላው ከስደትም ከእስርም ሲመለስ፣ እኔ መንገድ ዳር እየቆምኩ ካሚዮን እቆጥር ነበር። ቤቷ በመጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ግድግዳው ወደቀ።

እኔ ግን ተከበርኩ። ጋሼ ገብሬ በዕድር፣ በማኅበር፣ በሠርግ ላይ ሁሉ ያወራዋል። «ይህ ወንድሜ ቀልደኛ ይመስላችኋል፤ ለአንዲት ሴት ብሎ ከጣሊያን መሣሪያ ፊት የቆመ ወንድ ነው!» ሰው ቦታ ይለቅልኛል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። ሲቀበር አንድ ሽማግሌ ቆመው ታሪኩን አነሡና እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። «ወንድሙን ይወደው ነበር» አሉ። ይህስ እውነት ነው።

ንስሐ ገብቻለሁ፤ እንዳልገባሁ እንዳታስቡ። በዚያው ዓመት ለንስሐ አባቴ በሁዳዴ፣ በዓርብ፣ ዳክዬ መብላቴን ተናዘዝኩ። አባ ደንግጠው አርባ ቀን እንድሰግድ አዘዙኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ስለዚህ የዳክዬዋ ነገር አልቋል፤ ስታረድም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ስለ እትዬ አስካለ ግን ለካፒታኑ «አላውቅም» እንዳልኩት ሁሉ ለአባም ምንም አልነገርኳቸው። እናንተ ሳቂታው ሽብሩ፣ ቀልደኛው ሽብሩ ትሉኛላችሁ። ሰው ሲያስቅ «ምን ሆነሃል?» የሚለው የለም፤ እኔም ደህና መደበቂያ አግኝቼ ነው ይህን ያህል ዓመት የኖርኩት።

ባለፈው ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሁድ የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው የት እንውሰዳቸው ብለው ተማከሩ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለው የቻይና ምግብ ቤት የፔኪንግ ዳክዬው ይበልጣል አለች አንዷ። ቦሌ ያለው የባሕር ምግቡ ነው የሚሻለው አለ ሌላው። ተጨቃጨቁ፤ መጨረሻ ላይ «አባባ ይምረጡ!» አሉኝ። ምርጫ ለእኔ መስጠታቸው! ቅርቡን መረጥኩ።

ዳክዬዋ ስትመጣ ቆዳዋ እንደ ነሐስ ያበራ ነበር። አስተናጋጇ ለጋ ልጅ ናት፤ በጨዋነት ከፊቴ ሳህን ላይ ቁራጭ አኖረችልኝ። አየሁት። አልነካሁትም።

«አባባ፣ ለምን አይበሉም?» አለችኝ።

ጠረጴዛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ ወጣ።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

«አባባ ደግሞ! በፋሲካ?» ብለው ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አስተናጋጇም ሳቀች። እኔ ግን ሳልስቅ፣ «ጾም ነኝ በልልኝ ብላ ነበር» አልኩ። በሳቁ መካከል ማንም አልሰማኝም፤ እናም እቤቴ ስገባ ይህን ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።